ከ«እሺ» በፊት ውሃ አይቀመስም

አባቴ ሰውን የሚለካው በሻይ ነው። ትምህርቱ፣ ሹመቱ፣ የአያቱ ስም ለእሱ ትርፍ ወሬ ነው። ሰውየው ብርጭቆውን ሲያማስል ማንኪያው ጠርዙን ነካ ወይስ አልነካም? ከነካ አበቃለት። «ደወል ደዋይ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ቢታረስ አይሻርለትም። እናቴ ይህንን እያወቀች ሆን ብላ ታንቃጭላለች። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሐይቆቹን ቁልቁል እያየን ሻይ ስንጠጣ የእሷ ማንኪያ እስከ ጎረቤት ይሰማል። በትዳር ዘመናቸው በዚህ ተጣልተው አያውቁም፤ ታርቀውም አያውቁም።

የአባቴ ሻይ ሕግ አለው። በብርጭቆ እንጂ በስኒ አይጠጣም። ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባበታል፤ ዝንጅብል ግን «የታማሚ ሻይ» ስለሆነ አይገባም። ፉት ሲባል ድምፅ አይሰማም፤ ድምፅ ያሰማ ልጅ ከበረንዳው ይነሣል። ስኳሩ ሦስት ማንኪያ ነበር። ሐኪም ወደ አንድ እንዲያወርደው ካዘዘው ወዲህ ወደ አንድ ወርዷል፤ ማንኪያው ግን የሾርባ ሆኗል።

ከጎጃም በወጣትነቱ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ ወደ አርባ ምንጭ መጣ፤ እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ወለደ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣ። የከተማውን ሙቀት ለምዷል፣ ዓሣውን ወዷል፣ ሙዙን ከማንም በላይ ያውቃል። የሰው ሻይ ግን እንዳስቆጣው አለ። ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየ ህንዳዊ መምህር ነበር። ወተቱን፣ ሻይ ቅጠሉን፣ ዝንጅብሉንና ስኳሩን ባንድ ድስት ከቶ እስኪገነፍል ያፈላዋል። አባቴ በትሕትና ቀምሶ በትሕትና አመሰገነና ቤት ሲገባ «ጥሩ ሾርባ ነው» አለ። አንድ ቀን ደግሞ ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ ቻይናዊ የመንገድ መሐንዲስ ተቀመጠ። ሰውየው በያዘው ባለ ክዳን ጠርሙስ ውስጥ ቅጠሉ ከነነፍሱ ይዋኛል፤ ስኳር የሚባል የለም። አባቴ መንገዱን ሙሉ በምልክት «አጥልለው እንጂ» ሲለው፣ ሰውየው ጠርሙሱን የፈለገ መስሎት አቀበለው። ያንን ወሬ እናቴ እስካሁን ለእንግዳ ታወራዋለች።

ቡናና ሻይ ባንድ ብርጭቆ የሚቀላቀልበትን የሲቀላውን ስፕሪስማ ስሙን እንኳ አይጠራውም። «አንዱን ምረጥ» ይላል ሲያልፍ፣ ለማያውቀው ሰው።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ሽማግሌ ሆኖ ሚስት ሊጠይቅልኝ ዶርዜ የወጣው።

እሷና እኔ የምናስተምረው ሲቀላ አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ ኬሚስትሪ፣ እሷ ባዮሎጂ። የተዋወቅነው በፔርሙስ ነው ማለት ይቻላል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁላችን ሻይ ስናዝዝ እሷ ከደጋ የመጣ ፔርሙሷን ከፍታ አረንጓዴ ነገር ትቀዳለች። «ምንድን ነው?» አልኳት። «የቡና ቅጠል።» ቀመስኩት። ስኳር ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ጨው ነው። ከጨው በኋላ ዝንጅብል፣ ከዝንጅብል በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ጤና አዳም፣ በመጨረሻ እንደ ዘገየ እንግዳ ሚጥሚጣ መጣ። ዐይኔ እያነባ «ጥሩ ነው» አልኩ። «ዋሸህ» አለችኝና ደግማ ቀዳችልኝ። በደጋው አገር ትኩሱን ቅጠል ከቅመሙ ጋር ወቅጠው፣ አፍልተው፣ ጨው ጨምረው በቅል ይጠጡታል። አባቴ ይህንን በሥራ ዘመኑ ሰምቷል። ስለዚያ አገር ሲነሣ «ፍሬውን ለገበያ ሰጥቶ ቅጠሉን የሚጠጣ ሕዝብ» ብሎ ይቀልድ ነበር። ስለዚህ ስለ ፔርሙሱ ትንፍሽ አላልኩም።

እንጋባ ስንል የፈራነው ሃይማኖቱን ነበር። የእኛ ቤት ኦርቶዶክስ ነው፤ የእነሱ ቤት ደግሞ አባቷ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ጉዳይ ሁለቱም ቤት ብዙ ከረመ፤ ብዙ ተለቀሰ፣ ብዙ ተመከረ። በመጨረሻ እናቴ «ልጆቹ ይስማሙበት፣ እኛ ምናችን ነው» ብላ ቆረጠችው። የቀረው አባቷ በአፋቸው «እሺ» እንዲሉ ብቻ ነበር። እሷም ቁርጡን ነግራኛለች። «አባቴ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ተደብቄ አልመጣልህም። ሽማግሌዎችህን አደራ» አለችኝ። ስትናገር አልሳቀችም። እኔም በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አጣሁ።

አባቴ ንግግሩን ሸመደደ። በሃይማኖት በኩል ቢመጡ ምን እንደሚል፣ በዘር በኩል ቢመጡ ምን እንደሚል፣ በደመወዝ በኩል ቢመጡ ምን እንደሚል ያውቃል። እንደሱ ጡረታ የወጡ ሁለት ወዳጆቹን መረጠ፤ ማንኪያ የማያንቃጭሉትን ማለት ነው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በኮንትራት ሚኒባስ ዳገቱን ወጣን። እኔ «መንገድ መሪ» ተብዬ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ በጠመዝማዛው መንገድ ወደ ጉም ውስጥ ሲገባ አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበና ማሳል ጀመረ። በሳሉ መሃል ለወዳጆቹ ሕግ ያስተምራል።

«ያገራችንን ደንብ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ከ‹እሺ› በፊት ውሃ አይቀምስም። የመጣነው ልጅ ልንጠይቅ ነው፣ ልንጋበዝ አይደለም። ማር ቢያቀርቡላችሁ እንዳትነኩ። ትልቅ ነገር የሚለምን አፍ ባዶ ሆኖ ነው የሚለምን። ይህ ለልጅቱ ቤት ክብር ነው።»

«ገብቶናል» አሉ ሁለቱ።

በእነሱ ቤት ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። ደጃፉን ያለፈ ሰው መጀመሪያ ቅጠሉን ይጠጣል፣ ወሬው ከዚያ ይመጣል። ያልጠጣ ለጠብ የመጣ ነው። እኔ የአባቴን ሕግ አውቅ ነበር፣ እሷም የአባቷን ታውቅ ነበር። ሕግ መሆኑን ግን ሁለታችንም አናውቅም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለን ነበር።

ጠያቂው ልጅ በጥየቃው ቀን ፊቱን አያሳይም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ወደ ትልቁ የቀርከሃ ቤት ሲገቡ እሷ በጓሮ በኩል መጥታ እጄን ይዛ፣ ከቤቱ ጀርባ ተጠግታ ወደ ተሠራች የሽመና ጎጆ አስገባችኝ። ሸማኔው እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ አለ፤ እዚያ አስቀመጠችኝ። ፊት ለፊቴ የተወጠረ ድር፣ ከጀርባዬ የቀርከሃ ግድግዳ። ከግድግዳው ወዲያ የሚነገረው አጠገቤ ያለ ያህል ይሰማል።

«ክር እንዳትነካ። እንዳታስል» አለችኝ።

«ብርድ ነው፤ ትንሽ ቅጠል አምጪልኝ።»

«የሚቀዳው ለእንግዳ ነው እንጂ ለተደበቀ አይደለም» ብላኝ ሄደች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ሽታው በቀርከሃው በኩል እየመጣ ምራቄን ስውጥ ቆየሁ።

ሰላምታው አማረ። አባቷ አጠር ያለ ጸሎት አደርጋለሁ ብለው ረዘም ያለ አደረጉ። የእኛ ሽማግሌዎች «አሜን» የሚባልበት ቦታ ስላልገባቸው ሁለት ጊዜ ቀድመው አሉ፣ አንድ ጊዜ ዘግይተው አሉ። ከዚያ ቅል ሲቀዳ ሰማሁ።

«ጠጡ እንጂ» አሉ አባቷ።

«ወንድማችን፣ እግዜር ይስጥልን» አለ አባቴ በሹመት ድምፁ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንጠጣም።»

«ጉዳዩ የት ይሄዳል? ቅጠሉ ግን ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ።»

«እንግዲያው ጉዳዩም ይቆይ» አሉ አባቷ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

እሳቱ ሲንጣጣ፣ ውጪ ፍየል ስትጮኽ እሰማለሁ። የቀዘቀዘው ተደፍቶ ትኩስ ተቀዳ። አሁንም የሚጠጣ የለም። የአባቴ ወዳጅ አንዱ ሆዱ ሲጮህ በቀርከሃው አልፎ መጣ። እሷ ባዶ እንስራ ይዛ ብቅ አለችና ጎንበስ ብላ «አባትህ አይጠጣም» አለችኝ።

«አባትሽም አይናገሩም።»

«የኔ አባት ሲናደድ አይጮህም፤ ዝም ነው የሚለው» አለችኝ። ፊቷ ተለውጧል።

ያኔ አባቷ መናገር ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«የለበሳችሁት ጋቢ የኛ ሰፈር ሥራ ነው። ደስ ይላል። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እኔም ነኝ። ልጅ ሆኜ ከከተማ የመንግሥት ሰዎች ይመጡ ነበር። አባቴ የሠራውን ይለብሳሉ፣ ያሞግሱታል። እናቴ ቅጠል ስታቀርብ ግን አይነኩም። ሸማኔ ዐይኑ ይበላል፣ ከሸማኔ ቤት ውሃ አይጠጣም ይባል ነበር። አባቴ ቅሉን እንደያዘ ቆሞ ይቀራል። እናንተ በመኪና ስትወጡ ያ ዘመን አለፈ ብዬ ነበር።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ፤ ብርዱም ለቀቀኝ። አባቴ በአክብሮት የገፋውን ቅል ሰውየው እንደ ድሮው ንቀት ቆጥረውታል። አባቴ ቢያስረዳ ሰበብ ይመስልበታል፤ ዝም ቢል ያረጋግጠዋል። እኔ ግድግዳውን ጥሼ ብገባ የተደበቀ አማች ተብዬ ነገሩ ጭራሽ ይበላሻል። ፈራሁ። ፊት ለፊቴ የተወጠረውን ድር እያየሁ፣ ቀርታብኛለች ብዬ አሰብኩ።

አባቴ አፉን ከፈተ፣ ሳሉ ቀደመው። ረጅም፣ ደረቅ ሳል ነበር። ሳሉ ሲቆም እስከዚያ ድረስ ያልተናገሩት እናቷ ተነሥተው ወደ እሱ ሲመጡ ሰማሁ።

«ይሄ መጠጥ አይደለም» አሉት። «መድኃኒት ነው። ጉሙ ይዞሃል። እናንተ አገር መድኃኒትም ከእሺ በፊት አይወሰድም?»

ከሁለቱ ወዳጆቹ አንደኛው ቀስ ብሎ «እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» አለ። ጋሼ ይሄንን ለማለት ሆዱ አስገድዶት ይሆናል፤ ቢሆንም እግዜር ይስጠው።

አባቴ ሕጉን በሕግ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሲያገኝ ደስ የሚለው ሰው ነው፤ ስለዚህ «መድኃኒት ከሆነማ» ብሎ እንደ ዳኛ ይፈርዳል ብዬ ጠበቅኩ። እንደዚያ አላለም። «አባትዎ ቆመው የቀሩት እዚህ ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እዚሁ» አሉ አባቷ። «እርስዎ የተቀመጡበት ጋ።»

ከዚያ ፉት ሲል ሰማሁት። አባቴ፣ በድምፅ ልጅ ከበረንዳ የሚያስነሣው ሰው፣ እንደ ጠማው በሬ ፉት አለ። ደገመው። ሠለሰው። ከዚያ ቅሉ መሬት ሲቀመጥ ተሰማ፤ ቀጥሎ አፍንጫ ሲናፈጥ።

«ምነው?» አሉ እናቷ።

«ሚጥሚጣው ነው» አለ አባቴ። ድምፁ ተሰብሯል።

እናቷ ምንም አላሉም።

«አይዞዎት» አሉ አባቷ። «ሰው ለልጁ ቢያለቅስ ነውር የለውም።»

«ሚጥሚጣው ነው አልኩ እኮ።»

«እሺ። ሚጥሚጣው ነው።»

ሁለቱ ወዳጆች ነገሩ እንደተፈታ አይተው ቅላቸውን አነሡ። በአንድ ትንፋሽ የጨረሱት ይመስለኛል፤ ወዲያው ሲደገምላቸው ሰምቻለሁና። አባቷም «አሁን ጉዳያችሁን ተናገሩ» አሉ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ ሁሉ የተሸመደደ ንግግር፣ ያ ሁሉ ምዕራፍና ቁጥር ከአፉ አልወጣም። «ልጄ ልጃችሁን ወድዷል» አለ። «ሌላው ጠፋብኝ።»

«ሌላም የለው» አሉ አባቷ። «ደግማችሁ ኑ። ቅጠሉ ይቆያችኋል።»

ደግማችሁ ኑ ማለት እሺ ማለት ነው። በደስታ ዘልዬ ስነሣ እግሬ ድሩን ይዞት ተነሣ፤ ክር በጠስኩ። በዚያ ድር የተሸመነውን ጋቢ አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ በሠርጋችን ቀን ሰጡኝ። ቋጠሮው አሁንም አለ፤ ስተኛ ትከሻዬን ይቆረቁረኛል። ማን እንደበጠሰው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ጋቢውን ሲያቀብሉኝ ግን ቋጠሮው ያለበትን ጫፍ ወደ እኔ አዙረው ነው።

ቁልቁል ስንመለስ አባቴ መስኮቱን ከፍቶ «ሚጥሚጣው ዐይኔን አጠፋው» አለ። ከወዳጆቹ አንዱ ጉሙን ያያል፣ አንዱ ጫማውን ያያል። እኔ ግን መቀለጃ አገኘሁ። በዚያች ሰዓት የጀመርኩትን ቀልድ ለዓመታት አላቆምኩም። «በሚጥሚጣ የተገኘች ሚስት» አልኩ፤ ለጓደኛ አወራሁ፣ ለጎረቤት አወራሁ፣ በሠርጉ ቀን በማይክሮፎን አወራሁ። ዶርዜ በሄድን ቁጥር ቅል ሲቀዳለት ከኪሴ ነጭ መሐረብ አውጥቼ በሁለት እጄ አቀርብለታለሁ። ቤቱ ይስቃል። እሱ «ለምጄዋለሁ» ይልና ዐይኑን ሳያርገበግብ ይጠጣዋል።

መልመዱስ ለምዷል። ግቢያችን ውስጥ «ለጥላ» ብሎ ቡና ተከለ። ዛፏ ጥላ መስጠት የሚያስችላት ቅጠል ኖሯት አያውቅም፤ እናቴ በየሳምንቱ ቀንበጥ ቀንበጡ ተመልጦ ታገኘዋለች። አንድ ቀን በረንዳው ላይ አድፍጣ ያዘችው። በብርጭቆ ነው፤ በቅል አይደለም። ስኳርም አለበት፤ ሐኪሙ የፈቀደው አንድ ማንኪያ። ይህ ወሬ ዶርዜ ሲደርስ የሚስቴ እናት በሚቀጥለው ጊዜ የእሱን ቅል ጨው እጥፍ አደረጉት። እሱም ጠጥቶ «ዛሬ በጣም ጥሩ ነው» አላቸው። በሁለቱ መካከል የሆነ ጨዋታ አለ፤ እኛን አያስገቡንም።

ባለፈው መስቀል ሁላችንም ዶርዜ ወጣን። ለሥራ አዲስ አበባና ሌላ ሌላ ቦታ የተበተነው ሸማኔ ሁሉ ለበዓሉ አገሩ ገብቶ ሰፈሩ ሞልቷል። እኛም እሳቱን ከበብን። አባቴ ያን ቀን በተቀመጠበት ቦታ ተቀመጠ፤ አሁን ቦታው የእሱ ሆኗል። አማቴ ከጎኑ ናቸው። የሚስቴ እናት ቅጠሉን ሲወቅጡ ቆይተው፣ ቀይ ሚጥሚጣ በእፍኛቸው ጨመሩ። ለአባቴ መጀመሪያ ቀዱለት። እኔም እንደ ልማዴ መሐረቤን አውጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ «አባዬ፣ እንደዚያን ቀን እንዳይሆን» አልኩት። የቤቱ ልጆች ገና ሳይሰሙ መሳቅ ጀመሩ።

የሚስቴ እናት ከእሳቱ ቀና አሉ።

«ያን ቀን ሚጥሚጣ የት ነበር?» አሉኝ። «እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ እንግዳ ሚጥሚጣ አላደርግም። ቤቱን ሲለምድ ነው የማቃጥለው።»

ይህንን እንደ ተራ ነገር ተናግረው መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ሳቁ ቆመ። አማቴ እሳቱን ቆሰቆሱ፤ አልገረማቸውም። አባቴ ወደ ቅሉ አቀርቅሮ ቆየ። ለዓመታት በማይክሮፎን ሳይቀር የሳቅኩበትን ሰው አየሁት። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ «ተወኝ» ብሎኝ አያውቅም፤ ቀልዱን እስከፈለግኩት ጊዜ ድረስ ተሸክሞልኛል። ወደድኩት። እንደዚያን ሰዓት ወድጄው አላውቅም።

ቅሉን አነሣ፣ ያንን ሁሉ ሚጥሚጣ ፉት ብሎ ጨረሰው፣ ዐይኑ ደረቅ እንደሆነ ባዶውን ወደ እሳቸው ዘረጋ።

«ድገሚኝ» አለ።

መሐረቡ እጄ ላይ ቀርቶ ነበር፤ በእሱ ዐይኔን ጠረግሁ። ሚስቴ አየችኝና በሹክሹክታ «ምነው?» አለችኝ።

«ሚጥሚጣው ነው» አልኳት።

የእኔ ቅል ገና አልተቀዳም ነበር።